ባል ሲሞት ሚስት ትወርሳለች? የአባት ቤት፣ የ40/60 ቤት እና ኑዛዜ

ጥያቄ፦ የአራት ኪሎዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ሕጉንና አሠራሩን የምታውቁ ምክራችሁን እፈልጋለሁ።

ከባለቤቴ ጋር በ2003 ዓ.ም ተጋብተን ሦስት ልጆች አሉን፤ 12፣ 7 እና 2 ዓመታቸው ነው። ባለቤቴ ከጋብቻችን በፊት የወለደው የ16 ዓመት ልጅም አለው፣ ከእናቱ ጋር ነው የሚኖረው። የምንኖረው አራት ኪሎ በባለቤቴ ወላጆች ቤት ነው። ነባር ይዞታ ነው፣ ማለትም በሊዝ የተያዘ አይደለም፣ ካርታው እስከ ዛሬ በአባቱ ስም ነው። ሁለቱም ወላጆች አርፈዋል። ባለቤቴ ሁለት እህቶች አሉት፣ አንደኛዋ አሜሪካ ሆና ዜግነት ቀይራለች። ከግቢው ጀርባ ሦስት ሰርቪስ ክፍሎች ተከራይተዋል። ከዚህ ሌላ አያት ሰፈር የ40/60 ቤት ደርሶናል፤ ውሉ በባለቤቴ ስም ነው፣ የባንክ ዕዳ አለበት፣ ልጆቹ ከፍ ሲሉ ወደዚያ ለመውጣት አስበናል። መኪናም አለን፣ ሊብሬው በእኔ ስም ነው።

የማንኛችንም ጤና አልታወከም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን ከሁለት አንዳችን ብንሞት ማን ምን ይወስዳል? ኑዛዜ ይሻላል ወይስ በሕይወት እያለን ለልጆቹ በስጦታ ማዞር?

መልስ፦ የልደታ ሰው

እህቴ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን አስቀድሜ ልንገርሽ። በእኛ አገር የፍትሐ ብሔር ሕግ ባል የሚስቱ ወራሽ አይደለም፣ ሚስትም የባሏ ወራሽ አይደለችም። የ1952ቱ ሕግ አንቀጽ 842 በመጀመሪያ ደረጃ የሚጠራው ልጆችን ነው። ልጅ ከሌለ ወደ አባትና እናት ያልፋል፣ እነሱ ከሌሉ ወደ ተወላጆቻቸው፣ ማለትም ወደ ወንድምና እህት። የትዳር ጓደኛ በዚህ መስመር ላይ የለችም። «ሚስት ግማሹን ትወርሳለች» የሚባለው ከሌላ ነገር ጋር ተምታቶ ነው። ግማሹን የምትወስጂው ወራሽ ሆነሽ ሳይሆን ድሮውንም የራስሽ ስለሆነ ነው። ጋብቻ በሞት ሲፈርስ መጀመሪያ የጋራው ንብረት ለሁለት ይከፈላል፤ ውርስ የሚባለው የሟቹ ግማሽና የግል ንብረቱ ብቻ ነው።

ስለዚህ ወረቀት አውጪና ያላችሁን ሁሉ «የጋራ» እና «የግል» ብለሽ ለይተሽ ጻፊ። በቤተሰብ ሕጉ አዋጅ ቁጥር 213/1992 አንቀጽ 63 መሠረት በትዳር ውስጥ ያለ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም እንኳ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። ስለዚህ የ40/60ው ውል በእሱ ስም መሆኑ አያስጨንቅሽ። ሊብሬውም በአንቺ ስም ስለሆነ መኪናው ያንቺ ብቻ ነው ማለት አይደለም፣ ግማሹ ወደ ውርሱ ይገባል።

በቁጥር እንየው። የአያት ሰፈሩ ቤት 6 ሚሊዮን ብር ያወጣል፣ የባንክ ዕዳው 1 ሚሊዮን 200 ሺህ ነው ብለን እንውሰድ። ዕዳው የጋራ ስለሆነ ከጠቅላላው ይነሳል፤ 4 ሚሊዮን 800 ሺህ ይቀራል። 2 ሚሊዮን 400 ሺው ያንቺ ነው። የቀረው 2 ሚሊዮን 400 ሺህ ለአራቱ ልጆች እኩል ይከፋፈላል፣ ለእያንዳንዳቸው 600 ሺህ። አራት ያልኩት የ16 ዓመቱንም ቆጥሬ ነው። ሕጉ በጋብቻ ውስጥ በተወለደና ከጋብቻ ውጭ በተወለደ ልጅ መካከል ልዩነት አያደርግም። ይህን ልጅ ሳይጠሩ የወራሽነት ማስረጃ ማውጣት ኋላ ማስረጃውን የሚያሰርዝ ትልቅ ስሕተት ነው።

የአራት ኪሎው ቤት ግን ሌላ ነው። ባለቤትሽ ከእህቶቹ ጋር ስለሚካፈል ድርሻው ሲሶ ነው። ያ ሲሶ በውርስ የመጣ ስለሆነ በቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 57 የግል ንብረቱ ነው፣ አንቺን አይነካሽም። እሱ ቢሞት ሲሶው ለአራቱ ልጆች ይከፈልና እያንዳንዳቸው ከቤቱ አንድ አሥራ ሁለተኛ ይይዛሉ፣ አንቺ ምንም። ስንት ዓመት የኖርሽበት ቤት መሆኑ ይህን አይለውጠውም። ሆኖም ከግል ንብረት የሚገኝ ገቢ የጋራ ስለሆነ ከሰርቪሶቹ ኪራይ የሚደርሰው ድርሻ የሁለታችሁም ነው። ቤቱን በጋራ ገንዘብ አድሳችሁት ከሆነም የቆርቆሮውን፣ የሲሚንቶውን፣ የግንበኛውን ደረሰኝ አንድ ላይ አስቀምጪ። ክርክር ሲመጣ «አድሰነዋል» ማለት ብቻውን አይበቃም።

ሌላው ሰው የማያስበው ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች ድርሻ ነው። ለሦስቱ ልጆችሽ አሳዳሪና ሞግዚት በሕግ አንቺው ትሆኛለሽ። ለ16 ዓመቱ ግን እናቱ ናት። እሷን ጨምረሽ ነው የምትስማሚው። ቤቱን ለመሸጥ ብትፈልጉ ለልጆቹ ድርሻ የፍርድ ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ውልና ማስረጃ ሽያጩን አያጸድቅም። ፍርድ ቤቱም ገንዘቡ ለምን እንደሚውል ይጠይቃል። «ለትምህርት ቤት ክፍያ» ከሆነ የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ፣ «ሌላ ቤት ልንገዛ» ከሆነ የቤቱን ዝርዝር ይዞ መቅረብ ነው።

ጡረታ ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። በሞቱ ምክንያት ለቤተሰቡ የሚሰጥ ጡረታና ካሣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 828 መሠረት ውርስ ውስጥ አይገባም፣ ለአንቺና ለልጆቹ በቀጥታ ይከፈላል።

የአራት ኪሎዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ የአራት ኪሎውን እንዲህ አልጠበቅኩትም ነበር። አንድ ነገር ልጨምር። ከሁለት ዓመት በፊት እኔና ባለቤቴ አንድ ኑዛዜ በኮምፒውተር አጽፈን አትመን ሁለታችንም ፈርመንበታል። «ከሁለታችን አንዳችን ብንሞት ንብረቱ ሁሉ በሕይወት ለቀረው ይሁን» ይላል። ምስክር የለውም። ይሠራል?

መልስ፦ ማኅተም

አይሠራም፣ በሦስት ምክንያት። ከመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አንዱ ብቻ ቢሆን እንኳ ያፈርሰዋል።

አንደኛ፣ ሁለት ሰው በአንድ ሰነድ መናዘዝ አይችልም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 858 እንዲህ ያለውን ኑዛዜ ዋጋ የለውም ይላል። ባልና ሚስት በፍቅር ተስማምተው ብዙ ጊዜ የሚሠሩት ስሕተት ይህ ነው። እርስዎ የራስዎን፣ ባለቤትዎ የራሱን፣ በተለያየ ወረቀት።

ሁለተኛ፣ ምስክር የሌለው ኑዛዜ በተናዛዡ በራሱ እጅ ከዳር እስከ ዳር መጻፍ አለበት። «ይህ ኑዛዜ ነው» ብሎ በግልጽ መናገር አለበት፣ እያንዳንዱ ገጽም ቀንና ፊርማ ይኑረው። በማሽን የተጻፈ ከሆነ ተናዛዡ ይህንኑ በየገጹ በእጁ ጽፎ ካላመለከተ አይጸናም። በእጅ የተጻፈውም ቢሆን ተደርጎ በ7 ዓመት ውስጥ ውልና ማስረጃ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ይፈርሳል። በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ታጥፎ ሃያ ዓመት የተቀመጠ ኑዛዜ የሚወድቀው በዚህ ነው።

ሦስተኛ፣ ልጅን ከውርስ መንቀል በቃል ብቻ አይሆንም። «ሁሉ ለሚስቴ» ማለት ልጆቹን ነቅያለሁ ማለት አይደለም። መንቀል የፈለገ በግልጽ መናገርና ምክንያቱን መጻፍ አለበት። የ2 ዓመት ሕፃን የሚነቀልበት ምክንያት ደግሞ የለም።

እኔ የምመክረው በግልጽ የሚደረገውን ኑዛዜ ነው፣ አንቀጽ 881። ተናዛዡ ራሱ ይጽፈዋል ወይም እየተናገረ ሌላ ሰው ይጽፍለታል፤ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፤ እዚያው ሁሉም ይፈርማሉ። ውልና ማስረጃ ሄደው ሥልጣን ባለው ሹም ፊት ካደረጉት ሁለት ምስክር ይበቃል። አደጋው ያለው መጨረሻው ላይ ነው። ሰው አራት ምስክር ሰብስቦ፣ አንብቦ፣ አስፈርሞ፣ መነበቡን ግን ሳይጽፍ ይቀራል። ሕጉ ሥርዓቱ መፈጸሙ ራሱ በኑዛዜው ላይ እንዲጻፍ ይፈልጋል። እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ከፊርማዎቹ በላይ ይግባ፦

«ይህ ኑዛዜ ዛሬ ... ቀን ... ዓ.ም እኔ ተናዛዡና ከዚህ በታች ስማችን የተጻፈው አራት ምስክሮች በአንድነት ባለንበት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተነብቦ፣ ቃሌ መሆኑን አረጋግጬ ወዲያውኑ ፈርሜያለሁ፤ ምስክሮቹም ፈርመዋል።»

ምስክሮቹ ለአካለ መጠን የደረሱ ይሁኑ፣ ኑዛዜው የተጻፈበትን ቋንቋ ይስሙ። በኑዛዜው የሚጠቀም ሰው ወይም የሱ ባል፣ ሚስት ወይም ልጅ ምስክር አይሁን። የዕድር ዳኛና ጎረቤት ጥሩ ናቸው። በዕድሜ ከተናዛዡ ያነሱ ቢሆኑ ደግሞ ይመረጣል፣ ምክንያቱም ፍርድ ቤት ሊጠሩ የሚችሉት እነሱ ናቸው።

ታማሚ አልጋ ላይ ሆኖ በሁለት ምስክር ፊት በቃል የሚናገረው ኑዛዜ ቤት ለማስተላለፍ አይሆንም። በቃል የሚቻለው ስለ ቀብር ማዘዝ፣ እያንዳንዱ ከ500 ብር የማይበልጥ ስጦታ ማድረግና ስለ ልጆች ሞግዚት መወሰን ነው። ተናዛዡ ሦስት ወር በሕይወት ከቆየ ደግሞ ያ ቃል ይፈርሳል።

ለእናንተ ቤተሰብ ግን ዋናው ጥያቄ ሚስትን እንዴት ቤት ውስጥ ማቆየት ይቻላል የሚለው ይመስለኛል። ባለቤትዎ በኑዛዜ የአያት ሰፈሩን ቤት የራሱን ግማሽ ባለቤትነት ለአራቱ ልጆች ትቶ፣ የአላባ መብቱን በሕይወት እስካሉ ድረስ ለእርስዎ ሊሰጥ ይችላል። አላባ ማለት የመኖርና የማከራየት መብት ነው፤ መሸጥ አይቻልም። ልጆቹ አልተነቀሉም፣ እርስዎም አልወጡም። በአራት ኪሎው ሲሶ ላይም እንዲሁ ማድረግ ይቻላል። ሙሉ ባለቤትነቱን ለሚስት ከመስጠት ይህ ለክስ በር አይከፍትም። ባል ሊናዘዝ የሚችለው የራሱን ድርሻ ብቻ መሆኑ ግን አይረሳ፤ «የአያት ሰፈሩን ቤት ሙሉውን» ብሎ ከጻፈ የእርስዎን ግማሽ ነክቷል።

አሁንም ልጅ እየወለዳችሁ ያላችሁ ስለሆነ ይህን ያዙልኝ፦ ከኑዛዜው በኋላ ልጅ ቢወለድና ውርሱን ቢቀበል፣ ፍርድ ቤት እንዲጸኑ ካላደረገ በቀር በኑዛዜው የተሰጡት ስጦታዎች ይወድቃሉ፣ አንቀጽ 905። ለትዳር ጓደኛ የተሰጠው ደግሞ ፍቺ ከመጣ ይፈርሳል። ልጅ በተወለደ ቁጥር ኑዛዜውን እንደገና ማድረግ ነው።

መልስ፦ ካርታና ፕላን

ስለ ስጦታው ማንም ስላልነካው እኔ ልበል። የአራት ኪሎውን ቤት በስጦታ ለማዞር አትቸኩሉ። የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ነባር ይዞታ ከውርስ በቀር በማናቸውም መንገድ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ ይዞታው ወደ ሊዝ እንዲገባ ያደርጋል። ስጦታ ከውርስ ውጭ ነው። ሰው የፍርድ ቤት እንግልት ቀረልኝ ብሎ በስጦታ ያዞራል፣ ልጆቹ ደግሞ በየዓመቱ የሊዝ ክፍያ ይጠብቃቸዋል። መሬቱ የሕዝብና የመንግሥት ስለሆነ የሚተላለፈው በላዩ ያለው ቤትና የመጠቀም መብቱ ነው፤ ነባር ይዞታ ሆኖ እንዲቀጥል የሚጠብቀው መንገድ ውርስ ነው።

ይልቅ ዛሬውኑ መጀመር ያለበት ካርታውን ከአባቱ ስም ማዞሩ ነው። መሀል ከተማው እየፈረሰ እየተሠራ ነው፤ ፒያሳንና ካሳንችስን አይታችኋል። ልማት ሲመጣ ካሣውንና ምትኩን የሚቀበለው ስሙ ማስረጃው ላይ ያለ ሰው ነው። በሟች ስም የቆየ ካርታ ያለው ቤተሰብ ሌላው ምትክ ሲረከብ ፍርድ ቤት ይመላለሳል።

መንገዱ ይህ ነው። የሁለቱንም ወላጆች የሞት ምስክር ወረቀት ኑሯቸው ከነበረበት ወረዳ የሲቪል ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ታወጣላችሁ። የሁለቱም ያልኩት ቤቱ የጋራቸው ስለሚሆን ውርሱ ሁለት ስለሆነ ነው፤ የአባትየውን ብቻ አውጥቶ የእናትየውን መርሳት ፋይሉን ያቆመዋል። ከዚያ ሦስቱም ልጆች በአንድ አቤቱታ የወራሽነት ማስረጃ ይጠይቃሉ። ይህ የሚቀርበው ለአዲስ አበባ ከተማ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው። ከአቤቱታው ጋር ቃለ መሐላ፣ መታወቂያ፣ የልደት ማስረጃና ቤተሰቡን የሚያውቁ ምስክሮች ይቀርባሉ። ፍርድ ቤቱ «ተቃዋሚ ካለ በጋዜጣ ይጠራ» ካለ ጥሪው ወጥቶ ቀጠሮው ይጠበቃል። ወራሾቹ በድርሻ ካልተስማሙ ግን የክፍፍሉ ክርክር ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ነው። እዚያ የውርስ አጣሪ ተሹሞ ንብረቱን ይዘረዝራል፣ ዕዳውን ይለያል፣ ሪፖርቱን ያቀርባል።

ሟቹ ሙስሊም ከሆነና ተከራካሪዎቹ ሁሉ ከተስማሙ ደግሞ የውርሱን ጉዳይ የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤት ሊያየው ይችላል። ይህን ለሌሎች አንባቢዎች ነው የምጽፈው።

አሁን በቅርብ የማየውን ችግር ላሳያችሁ፣ ስም። ካርታው «ኃ/ማርያም» ይላል፣ የሞት ምስክር ወረቀቱ «ሃይለማሪያም»፣ የልጁ መታወቂያ አያት ስም ላይ «ኃይለማርያም»። ወይም አባትየው ካርታውን ያወጣው በዓለም ስሙ ሆኖ ልጆቹ ትምህርት ቤት የተመዘገቡት በክርስትና ስሙ ነው። መሬት አስተዳደር አንድ ፊደል ሲለይ «ይህ ሌላ ሰው ነው» ብሎ ፋይሉን ይመልሳል። ስለዚህ ወደ ፍርድ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ካርታውን፣ የሞት ምስክሩን፣ የሦስቱን ልጆች መታወቂያና የግብር ደረሰኙን ጠረጴዛ ላይ ደርድራችሁ ስሙን ፊደል በፊደል አነጻጽሩ። ልዩነት ካለ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸው እንዲወሰን በዚያው አቤቱታ ላይ አብራችሁ ጠይቁ። ማስረጃው ከወጣ በኋላ ለማረም መመለስ እንደ አዲስ መጀመር ነው።

ከዚያ ውሳኔውን፣ ዋናውን ካርታ፣ የዘመኑን ግብር የተከፈለበትን ደረሰኝ ይዞ ለስመ ንብረት ዝውውር ማመልከት። ቤቱ ላይ ዕዳ ወይም እግድ ካለ እሱ ሳይነሳ አይዞርም። የአማትሽ ሌላ ልጅ ካለ፣ ክፍለ ሀገርም ቢሆን፣ አሁን ይጠራ። የተተወ ወራሽ ማስረጃውን ማሰረዝ ይችላል፣ መብቱንና ንብረቱ በሌላ መያዙን ካወቀ ጀምሮ ለመጠየቅ 3 ዓመት አለው።

ጥያቄ፦ የቀበና ልጅ

በመሀል ስለገባሁ ይቅርታ። እናታችን የኖረችበት የቀበሌ ቤት ከሆነስ? ሁለት ክፍል ጨምረንበታል።

መልስ፦ የልደታ ሰው

ወንድሜ፣ የቀበሌ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የመንግሥት የሆነ ቤት ነው፣ ውርስ ውስጥ አይገባም። እናትህ ተከራይ ነበረች። ክፍል መጨመር ባለቤት አያደርግም። አብሮ ይኖር የነበረ ቤተሰብ በኪራይ ይቀጥል ወይ የሚለውን የሚወስነው ቤቱን የሚያስተዳድረው ክፍል ስለሆነ የኪራይ ደብተሩንና አብራችሁ መኖራችሁን የሚያሳየውን የነዋሪነት ማስረጃ ይዛችሁ ወረዳ ሂዱ። በወራሽነት ማስረጃ ላይ የቀበሌ ቤት አስገብቶ መድከም ዋጋ የለውም።

የአራት ኪሎዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ አሜሪካ ያለችው እህቱ መምጣት አትችልም። በስልክ «የኔን ድርሻ ለወንድሜ ትቻለሁ» ብላናለች። ይበቃል?

መልስ፦ ማኅተም

በስልክ የተባለ ቃል ለፍርድ ቤቱም ለመሬት አስተዳደሩም ምንም አይደለም። እንዴት እንደምትተው ደግሞ ውጤቱን ይለውጠዋል። ውርሱን ገና ሳትቀበል «አልቀበልም» ብላ ብትናገር አንድ ነገር ነው። ወራሽነቷን አውጥታ ከዚያ ድርሻዋን ለወንድሟ ብታዞር ግን ስጦታ ነው፣ ካርታና ፕላን እንዳለው ነባር ይዞታውን ይነካዋል። እንደ ወራሽ ከተንቀሳቀሰች በኋላ አልቀበልም ማለት ስለማይቻል፣ ስሟ አቤቱታው ላይ ከመግባቱ በፊት የትኛውን እንደምትፈልግ ቁርጥ አድርጋ ትወስን። ዜግነት መቀየሯ ወራሽ ከመሆን አያግዳትም። ቤት በስሟ መያዝ ከፈለገች ግን የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያዋን፣ ቢጫ ካርዱን፣ ታዘጋጅ።

ውክልናውን ዋሽንግተን ባለው ኤምባሲያችን ወይም በአቅራቢያዋ ባለ ቆንስላ ታደርገዋለች። ሰነዱ አዲስ አበባ ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጠዋል፣ ቀጥሎ ውልና ማስረጃ ያስመዘግባል። «ጠቅላላ ውክልና» ብላ ብቻ እንዳትልክ። ጠቅላላ ውክልና የማስተዳደር ሥራን ብቻ ነው የሚሸፍነው፤ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥና ለማስተላለፍ ልዩ ሥልጣን በግልጽ መጻፍ አለበት። የሚከተሉት ይጠቀሱ፦ የወራሽነት ማስረጃ ማውጣት፣ ፍርድ ቤት መከራከርና መስማማት፣ ድርሻ መካፈል፣ ስመ ንብረት ማዛወር፣ አስፈላጊ ከሆነ መሸጥና ገንዘቡን መቀበል። የቤቱ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳና የካርታ ቁጥርም ይግባበት።

ውክልና በሞት እንደሚያበቃም ይታወቅ። ወካይዋ ካረፈች በማግሥቱ በዚያ ወረቀት የተፈረመ ነገር ሁሉ ይፈርሳል። ይህ ለባልና ሚስት የባንክ ውክልናም ይሠራል፣ ባል ከሞተ በኋላ በውክልናው ወይም በካርዱ ገንዘብ ማውጣት ከሌሎቹ ወራሾች ጋር ክስ ያመጣል።

ረቂቁን እዚህ ጽፋችሁ በቴሌግራም ላኩላት፣ ኤምባሲ ከመሄዷ በፊት ታንብበው። ስሟን አሁን በያዘችው ፓስፖርት ላይ እንዳለው፣ ቀጥሎም «ቀድሞ በኢትዮጵያ ስሟ» ብላችሁ በልደት ማስረጃዋ ላይ እንዳለው ሁለቱንም ጻፉ። በባሏ ስም ፓስፖርት ካወጣች ደግሞ የጋብቻ ማስረጃዋን ኮፒ አብራ ትላክ፣ ካርታው ላይ ካለው አባቷ ጋር የሚያገናኛት ሰነድ እሱ ነው።